ለኤሌክትሪክ ኤስዩቪና ፒክአፕ የትኛው ምትክ ጎማ ይሻላል?

የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ወይም ፒክአፕ ለያዘ ሰው የመጀመሪያው ትልቅ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ጎማ ነው። የሞተር ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፤ የፍሬን ሸራውም ገና አዲስ ይመስላል። ጎማው ግን ከታሰበው ቀድሞ ያልቃል። ባለመኪናው ሳይዘጋጅበት ሱቅ ይገባል። አንዱ ሻጭ «ለኤሌክትሪክ መኪና ተብሎ የተሠራ ካልሆነ አይሆንም» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ጎማ ጎማ ነው፤ መጠኑ ከገጠመ ይበቃል» ይለዋል።

ሁለቱም የያዙት ግማሽ እውነት ነው። እኔ የምለው ይሄን ነው፦ ከጎማው ጎን ላይ «ኢቪ» (የኤሌክትሪክ መኪና) ተብሎ የተጻፈውን መጨረሻ ላይ እዩት። መጀመሪያ የሚታየው ጎማው የሚሸከመው ክብደት ነው። ቀጥሎ እርጥብ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚይዝ። እነዚህ ሁለቱ ከተሟሉ በኋላ ነው በአንድ ቻርጅ ስለሚኬደው ርቀት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ድምፅና ስለ ኮረኮንች መንገድ መደራደር የሚቻለው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ጎማ የለም። ስለዚህ ጥያቄው «ምርጡ የቱ ነው?» ሳይሆን «እኔ የቱን ብተው አይጎዳኝም?» የሚል ነው።

ለምን ቶሎ ያልቃል?

ዋናው ምክንያት ክብደት ነው። ቴስላ ሞዴል ዋይ ወደ 2,000 ኪሎ ይጠጋል። ሪቪያን አር1ቲ 3,200 ኪሎ አካባቢ ነው። ጂኤምሲ ሃመር ኢቪ ከ4,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህ ሁሉ ክብደት መሬት የሚነካው በአራት ትንንሽ የጎማ ገጾች ብቻ ነው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር ጉልበቱን የሚለቀው እግር ፔዳሉን እንደነካ ነው። መብራት አረንጓዴ ሲሆን ተፈትልኮ መውጣት ደስ ይላል፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን ጎማው ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነሳም። ፔዳሉን ስትለቁ መኪናው ራሱን የሚያቀዘቅዘው በሞተሩ ነው፤ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። በተለመደው ፍሬን የማቆሙን ሥራ በብዛት የሚሠሩት የፊት ጎማዎች ናቸው። ሞተሩ ኋላ ብቻ ከሆነ ግን የኋላ ጎማዎች መኪናውን ይገፋሉ፣ ቀጥለው ደግሞ ያቀዘቅዛሉ። ድርብ ሥራ ነው። ስለዚህ የኋለኞቹ ቀድመው ማለቃቸው አይግረማችሁ።

አዲስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ የፊቱን ጎማ በውስጥ በኩል እዩት። ለኋላው ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ በባትሪ መብራት ተመልከቱ፤ እጃችሁንም በውስጠኛው ጠርዝ ላይ በቀስታ አሂዱ። በውጭ በኩል 4 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ልሙጥ ሆኖ፣ አንዳንዴም ሽቦው ብቅ ብሎ ይገኛል። መኪናው ዝቅ ብሎ እንዲሄድ ሲደረግ ጎማው በትንሹ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የውስጡ ጠርዝ ብቻውን ይበላል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ችግሩ ያለው አላይመንቱ ላይ ነው። እሱ ሳይስተካከል የሚገዛ ጎማ፣ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን፣ ያው ዕጣ ይደርሰዋል።

ክብደቱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላ አትለፉ

ከጎማው ጎን እንደ «275/50 አር 22 115 ኤች» ያለ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 275 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 50 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 22 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አንብቦ ያቆማል። ለእኛ ዋናው ግን ቀጥሎ ያለው 115 ነው፤ የጭነት መለኪያ ቁጥር ይባላል። በቀጥታ ኪሎ አይደለም፤ ሰንጠረዥ አለው። 100 ማለት 800 ኪሎ ነው። 105 ማለት 925 ኪሎ፣ 110 ማለት 1,060 ኪሎ፣ 115 ማለት 1,215 ኪሎ፣ 120 ማለት 1,400 ኪሎ። ይህ አንድ ጎማ የሚችለው ነው።

በምሳሌ እንየው። ሰውና ዕቃ ሞልቶ 3,900 ኪሎ የሚደርስ ፒክአፕ አለ እንበል። ለአራት ብታካፍሉት ለአንዱ ጎማ 975 ኪሎ ይደርሰዋል። ይህ ስሌት ግን ያታልላል። ጭነቱ ያለው ኋላ ነው። የኋላው አክስል ብቻውን 2,150 ኪሎ ከተሸከመ ለአንዱ ጎማ 1,075 ኪሎ ይደርሳል። 110 ቁጥር ያለው ጎማ 1,060 ብቻ ስለሚችል አልበቃም ማለት ነው፤ በመጠን ግን ቸርኬው ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል። «መጠኑ ከገጠመ ይበቃል» የሚለው ምክር አደጋው እዚህ ላይ ነው። ከአቅም በላይ የተጫነ ጎማ ወዲያው አይፈነዳም። ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ረጅም መንገድ ላይ በሙቀት ይለቃል።

ደንቡ አጭር ነው፦ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት ከወጣው የጭነት ቁጥር በታች አትውረዱ። እኩል ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ቁጥሩ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ካለው ተለጣፊ ወይም ከመኪናው መመሪያ ላይ ይገኛል። አሁን የተገጠመውን ጎማ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ በተለይ መኪናውን ከሌላ ሰው ከገዛችሁት።

ከመጠኑ ጽሑፍ አጠገብ «ኤክስኤል» ወይም «ኤችኤል» የሚል ሊኖር ይችላል። ኤክስኤል በከፍ ያለ የንፋስ ግፊት ከመደበኛው የበለጠ የሚሸከም ጎማ ነው። ኤችኤል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ፒሬሊ ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሉሲድ ኤር ሲያቀርብ፣ ኤችኤሉ በመጠን ከሚመሳሰለው ኤክስኤል ጎማ ይልቅ ከ6 እስከ 9 በመቶ የበለጠ እንደሚሸከም አስታውቆ ነበር። መኪናችሁ ከፋብሪካ በኤችኤል ከወጣ በኤችኤል ተኩት። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ከጭነት ቁጥሩ ኋላ ያለው ፊደል የፍጥነት ወሰን ነው። ቲ 190፣ ኤች 210፣ ቪ 240 ኪሎሜትር በሰዓት ነው። ይህንንም ከፋብሪካው በታች አታውርዱት።

አራቱ አማራጮች

የመጀመሪያው አማራጭ ከፋብሪካ የመጣውን ጎማ ያንኑ መልሶ መግዛት ነው። የመኪና ሠሪዎች ከጎማ ሠሪዎች ጋር ተነጋግረው ለዚያ ሞዴል ብቻ የሚያሠሩት ጎማ አለ፤ ጎኑ ላይ ምልክት ያደርጉበታል። ቴስላ «ቲ0» ወይም «ቲ1» የመሰለ ምልክት ይጠቀማል። ፖርሸ «ኤን» ከሚል ፊደል ጋር ቁጥር ያደርጋል። ፒሬሊ ለሪቪያን የሠራቸው ላይ «ሪቭ» እና «ኢሌክት» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ስሙና ጥርሱ አንድ ሆኖ ምልክቱ የሌለበት ጎማ በውስጥ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ የላስቲክ ቅመማው፣ የጎኑ ጥንካሬ፣ በውስጡ ያለው ድምፅ የሚመጥ ፎም። የመኪናው ርቀት ሲለካ የተገጠመው ይህ ጎማ ነበር። ስለዚህ መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን ርቀትና ጸጥታ ወድዳችሁት ከነበረ ይህን ምረጡ። ጉድለቱም ያው ነው፦ በዕድሜው ካልረካችሁ ሁለተኛውም በዚያው ዕድሜ ያልቃል። የመኪና ሠሪው ዋና ጭንቀት በባትሪ የሚሄደው ርቀት ነው፤ የጎማው ዕድሜ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛው ከገበያ የሚገዛ፣ ለኤሌክትሪክ መኪና ተብሎ የተሠራ ጎማ ነው። የሃንኩክ አዮን፣ የጉድይር ኤሌክትሪክድራይቭ፣ የብሪጅስቶን ቱራንዛ ኢቪ፣ የሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ኢቪ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ብዙዎቹ ከፍ ያለ የጭነት ቁጥር አላቸው፣ ቀለል ብለው ይንከባለላሉ፣ ድምፃቸውም የተቀነሰ ነው። ጥሩ ምርጫ ናቸው። ነገር ግን «ኢቪ» የሚለው ቃል በሕግ የተወሰነ መለኪያ የለውም። አንድ ኩባንያ ቃሉን ሲጽፍ ሌላው አይጽፍም። ኮንቲኔንታል ለምሳሌ ለብቻው የኢቪ ጎማ ከማውጣት ይልቅ መደበኛ ጎማዎቹ ለኤሌክትሪክ መኪናም እንደሚሆኑ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ቃሉ ስላለ ብቻ አትግዙ፤ ስለሌለ ብቻም አትተዉ።

ሦስተኛው ተራ የመንገድ ጎማ ነው፤ ለከባድ ኤስዩቪና ፒክአፕ የሚሠራ፣ ለረጅም ዕድሜ የታሰበ። በእኔ አስተያየት ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ምርጥ አማራጭ ይሄ ነው። የጭነት ቁጥሩ ካሟላና በእርጥብ መንገድ ያለው ደረጃ ጥሩ ከሆነ በሥራ ቀን ሁሉ ለሚነዳ ሰው ይመቻል። ጥርሱ ብዙ ጊዜ ጥልቅ ነው፤ ላስቲኩም ጠንከር ይላል። ከርቀቱ ትንሽ ትሰጣላችሁ፣ በምላሹ ብዙ ኪሎሜትር ታገኛላችሁ። ማታ ቤቱ ቻርጅ የሚያደርግና በቀን ከባትሪው ግማሹን እንኳ የማይጨርስ ሰው 20 ወይም 30 ኪሎሜትር ቢቀንስበት አይታወቀውም። በየዓመቱ ጎማ መግዛት ግን ይታወቀዋል።

አራተኛው ለኮረኮንችና ለጭቃ የሚሆነው፣ በተለምዶ ኤቲ የሚባለው ነው። ጥርሱ ትልልቅ፣ ጎኑ ጠንካራ፣ መልኩም ፒክአፕ ላይ ያምራል። ዋጋውን የሚያስከፍለው ግን በየኪሎሜትሩ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ባለ አራት ሞተሩ ሪቪያን አር1ቲ በትልቁ ባትሪ፣ በአሜሪካ የመንግሥት መለኪያ፣ ባለ 21 ኢንች የመንገድ ጎማ ሲገጠምለት 528 ኪሎሜትር ያህል ይሄድ ነበር። ባለ 22 ኢንች ሲሆን ወደ 488 ወረደ። ባለ 20 ኢንች ኤቲ ሲሆን 465 ገደማ ሆነ። ቸርኬውና የአየር ፍሰቱም ድርሻ አላቸው፤ ቢሆንም መኪናው ያው ሆኖ 12 በመቶ የሚሆን ርቀት ቀነሰ። ጎማ ጎኑን ድንጋይ የሚቀድበት መንገድ ላይ የምትውሉ ከሆነ ይህ ተገቢ ዋጋ ነው። አስፋልት ላይ ለምትውሉ ግን ለመልክ ብላችሁ የምትከፍሉት ግብር ነው፤ ከድምፁ ጋር።

እዚሁ ላይ ስለ «ኤልቲ» ልናገር። ኤልቲ ማለት ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ፣ ጎኑ የወፈረ ጎማ ነው። «ሎድ ሬንጅ ኢ» የተባለው እስከ 80 ፒኤስአይ ይነፋል። ሰው ብዙ ጊዜ «ጠንካራ ስለሆነ አይጎዳም» ብሎ ይገዛዋል። ሁለት ነገር ግን ይረሳል። አንደኛ፣ ኤልቲ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመደበኛው የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። በሩ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ ነፍታችሁ ከሄዳችሁ አቅሙ ጎድሏል። ትክክለኛውን ግፊት ከጎማ ሠሪው የጭነትና የንፋስ ሰንጠረዥ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ራሱ ይከብዳል፣ ይደርቃል፣ ርቀት ይበላል። ከባድ ተጎታች ዘወትር ለሚስብ ወይም ሹል ድንጋይ ላይ ለሚውል ሰው ካልሆነ አልመክረውም። ኤቲ ጥርስ ኖሮት ኤልቲ ያልሆነ ጎማም አለ። ቶዮ ለምሳሌ ኦፕን ካንትሪ ኤ/ቲ 3ን በኢቪ ስም ለኤሌክትሪክ ፒክአፖች አቅርቧል። እንዲህ ያሉት መሀል መንገድ ናቸው።

ርቀቱን በቁጥር እንየው

ጎማ ሲንከባለል መሬት የነካው ክፍል ይተጣጠፋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘረጋል። በዚህ መሀል ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀየርና ይጠፋል። በነዳጅ መኪና አብዛኛው ጉልበት ሞተሩ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ስለሚባክን የጎማው ድርሻ ተደብቆ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያባክነው ትንሽ ስለሆነ ግን ጎማው አፍጥጦ ይወጣል።

የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚጠቀምበት መለያ ጎማዎች በመንከባለል ቅለትና በእርጥብ መንገድ በመያዝ ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ይሰጣቸዋል። በመንከባለል በኩል ለተሳፋሪ መኪና ጎማ ኤ ማለት በአንድ ቶን ክብደት የመንከባለል ተቃውሞው 6.5 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች የሆነ ነው። ሲ እስከ 9.0 ይደርሳል። ኢ ከ10.6 ይጀምራል። ይህን 3 ቶን በሚመዝን መኪና ላይ አስሉት። በ100 ኪሎሜትር ጎማው ብቻውን የሚበላው ኤ ላይ 5.3 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሲ ላይ 7.4፣ ኢ ላይ 8.7 ያህል ይሆናል።

መኪናው በኤ ጎማ በ100 ኪሎሜትር 25 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል እንበል፤ ባትሪውም 100 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 400 ኪሎሜትር ይሄዳል። በሲ ጎማ 369 አካባቢ ይሆናል። በኢ ጎማ 352። ከላይ እስከ ታች 50 ኪሎሜትር የሚጠጋ ልዩነት በጎማ ብቻ ማለት ነው። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ይህ አንድ ተጨማሪ የቻርጅ ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። ከኤ ወደ ቢ መውረድ ግን ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም።

የአውሮፓው መለያ በአገራችሁ ባይለጠፍም የብዙ ጎማዎች ደረጃ በሠሪዎቹ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። የአሜሪካው መለያ የመንከባለል ተቃውሞን አያሳይም። እሱ የሚሰጠው የጥርስ ዕድሜን፣ በእርጥብ መሬት መያዝንና ሙቀት መቋቋምን ነው። የዕድሜ ቁጥሩ፣ ለምሳሌ 400 ወይም 600፣ አንድ ኩባንያ የራሱን ጎማዎች ሲያወዳድር ይጠቅማል። ደረጃውን የሚሰጠው ሠሪው ራሱ ስለሆነ የአንዱን ኩባንያ 600 ከሌላው 500 ጋር ማወዳደር ግን አያስተማምንም።

ስለ እርጥብ መንገድ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ርቀት ለመጨመር ቀላሉ መንገድ ላስቲኩን ከመሬት ጋር እንዳይጣበቅ ማድረግ ነው። ጥሩ ሠሪዎች ሁለቱንም አስታርቀው ያወጣሉ፤ ርካሽ ሠሪዎች አንዱን ይሠዋሉ። አንድ ጎማ በርቀት ኤ ሆኖ በእርጥብ መያዝ ዲ ከሆነ ተዉት። 3 ቶን የሚመዝን ነገር ዝናብ ላይ ለማቆም የሚያስፈልገው ጉልበት ቀልድ አይደለም። ከፊታችሁ ልጅ ዘልሎ መንገድ ሲገባ የተረፈው 15 ኪሎሜትር ርቀት ምንም አያደርግላችሁም። እኔ በእርጥብ መያዝ ከቢ በታች አልወርድም።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። አዲስ ጎማ አስገጥማችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ርቀቱ ቢቀንስ «ተሸወድኩ» አትበሉ። ያለቀ ጎማ ጥርሱ ስስ ስለሆነ የሚተጣጠፍ ላስቲክ የለውም፤ ቀለል ብሎ ይንከባለላል። አዲሱ ጥርሱ ሙሉ ነው። አዲሱን ማወዳደር ያለባችሁ ካለቀው ጋር ሳይሆን አሮጌው አዲስ ከነበረበት ጊዜ ጋር ነው።

መጠን መቀየር ይሻላል?

ትልቅ ቸርኬ ያምራል። ከሪቪያኑ ቁጥር እንዳያችሁት ግን ከ21 ወደ 22 መውጣት ብቻውን ርቀት ቀንሷል። የጎማው ጎን ሲያጥር ጉድጓድ ላይ ቸርኬው በቀላሉ ይጣመማል፤ ምቾቱም ይቀንሳል። ቸርኬ የመለወጥ ዕድል ካላችሁ፣ ፍሬኑን የማይነካ ከሆነና ሠሪው ከፈቀደው፣ አንድ ቁጥር ዝቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ትርፍ ነው።

ዲያሜትሩ ሲለወጥ ግን ንባቡም ይለወጣል። 275/55 አር 21 ቁመቱ 836 ሚሊሜትር ያህል ነው። 275/65 አር 20 ደግሞ 866 ገደማ ነው፤ 3.5 በመቶ ይበልጣል። መኪናው የተገጠመው መጠን ካልተነገረው ኪሎሜትሩን አሳንሶ ይቆጥራል፤ ፍጥነቱንም ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች በስክሪናቸው ላይ ይህን የሚያስተካክሉበት ቦታ አላቸው። ሳታስተካክሉ ፍጆታ ብታወዳድሩ ትሳሳታላችሁ።

የፊትና የኋላ ስፋቱ የሚለያይ መኪናም አለ። ባለ 21 ኢንቹ ሞዴል ዋይ ፊት 255፣ ኋላ 275 ሆኖ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ከፊት ወደ ኋላ ማዟዟር አይቻልም። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቁት የኋለኞቹ ለብቻቸው ይገዛሉ። ይህን ከመጀመሪያው አስቡበት።

ፎም ያለው ወይስ የሌለው?

ሞተሩ ጸጥ ሲል የጎማው ጩኸት ይሰማል። ለዚህ ብለው ሠሪዎች በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ ፎም ይለጥፋሉ። ባዶው ጎማ ውስጥ የሚያስተጋባውን ድምፅ ይመጠዋል። ለስላሳ አስፋልት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ሻካራ መንገድ ላይ ያን ያህል አይደለም። ችግሩ ሚስማር ሲወጋው ነው። ጎሚስታው ፎሙን በዚያ ቦታ ቆርጦ ማንሳትና ላስቲኩን ማጽዳት ይኖርበታል፤ አንዳንዱ ጭራሽ አልነካም ይላል። በሄዳችሁበት ሁሉ እንዲህ የሚጠግን ሰው የማታገኙ ከሆነ ፎም የሌለው ይሻላል። ከፎም ወደ ፎም የለሽ መቀየር በደኅንነት በኩል ጉዳት የለውም፤ ትንሽ ድምፅ ይጨምራል እንጂ።

ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ ጎማ የላቸውም። ያላቸው የሚረጭ ማሸጊያና ትንሽ መንፊያ ነው። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ማሸጊያ ምንም አይሠራም። ከከተማ የምትርቁ ከሆነ ይህንን ከጎማው ምርጫ ጋር አብራችሁ አስቡበት።

ብርድና በረዶ

የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ላስቲኩ እየደረቀ መያዙ ይቀንሳል። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ጽሑፍ የጥርሱን አሠራር እንጂ በበረዶ ላይ የተፈተነ መሆኑን አይናገርም። የተፈተነው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ነው። በረዶ በማያውቀው ቦታ ይህ ክፍል አይመለከታችሁም፤ ዝለሉት። በረዶ ካለ ግን አራቱንም ቀይሩ። የአራት ጎማ ጉልበት ለመነሳት ነው የሚረዳው፤ ለመቆም አይደለም። መኪናው ከፈቀደላችሁ ፔዳል ሲለቀቅ የሚመጣውን የሞተር ማቀዝቀዝም በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ቀንሱት።

ሁለት ብቻ ብገዛስ?

ይቻላል፤ በአንድ አክስል ላይ ጥንድ ሆነው ከተገጠሙ። አንዱን ብቻ መቀየር ግን ሌላው ገና አዲስ ካልሆነ አይመከርም። ሁለት አዲስ ከገዛችሁ ወደ ኋላ ይግቡ። ያለቀው ኋላ ሆኖ ዝናብ ላይ ከተንሸራተተ መኪናው ይዞራል፤ ያንን ደግሞ አብዛኛው ሾፌር መመለስ አይችልም። በአራት ጎማ የሚሄድ መኪና ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች ዓይነትም ጥልቀትም ይቀራረቡ። በዚህ ምክንያት ነው በየጊዜው ማዟዟር ገንዘብ የሚያተርፈው። ቴስላ በየ10,000 ኪሎሜትሩ ወይም የጥርስ ልዩነቱ 1.5 ሚሊሜትር ሲደርስ አዟዙሩ ይላል። ለከባድ ፒክአፕ ከዚያ ቀደም ብሎ ቢሆን አይከፋም።

ስትገዙ የተመረተበትን ጊዜ እዩ። ከ«ዲኦቲ» ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። 2324 ማለት በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ጎማ በቅናሽ ሲቀርብላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

የሚገጥመው ሰው ማን ነው?

ጥሩ ጎማ ገዝቶ ባትሪ ማስወጋት የሚያሳዝን ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ወለሉ ሥር ተዘርግቶ ነው ያለው። ክሪክ የሚገባበት ቦታ በመመሪያው ላይ ምልክት አለው፤ ብዙ ጊዜ ክብ ቀዳዳ ነው፤ የጎማ ወይም የፕላስቲክ መደገፊያ ይገባበታል። ክሪኩ ከዚያ ወጣ ብሎ ከገባ የባትሪውን መያዣ ይጫነዋል። የአየር ሰስፔንሽን ያለው መኪና ደግሞ ከመነሳቱ በፊት በስክሪኑ በኩል «ጃክ ሞድ» ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ ተነስቶ ሳለ ራሱን ለማስተካከል ይሞክራል። መኪናውን ከማስረከባችሁ በፊት ባለሙያውን «ይህን ሞዴል ከየት ነው የምታነሳው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታውን ካላሳያችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።

ቡሎኖቹ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ፤ ሞዴል ዋይ ለምሳሌ 175 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። የንፋስ ግፊቱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለካ። በሩ ላይ 42 ወይም 48 ፒኤስአይ ተጽፎ ስታዩ አትደንግጡ፤ ለክብደቱ ነው። ባለሙያው ከልማድ 35 ነፍቶ እንዳይሰዳችሁ ራሳችሁ አረጋግጡ። ከዚያ አላይመንቱን አስለኩና የልኬቱን ወረቀት ያዙ፤ ከጥቂት ሺህ ኪሎሜትር በኋላ የውስጡን ጠርዝ እንደገና ስትዳብሱ ታወዳድሩበታላችሁ።